በማታ ሽፍት ሥራ እንዴት ነው የምታከፋፍሉት?

ጠያቂ፦ አዲሷ ተረኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም፤ የመንግሥት ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ ነው የምሠራው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የማታ ሽፍት ኃላፊ ተደርጌያለሁ። 22 በሽተኛ አለ። እኛ ደግሞ እኔ፣ አንዲት ጀማሪ ነርስ፣ ሁለት ተማሪዎችና አንድ ራነር (ተላላኪ) ነን። ሰው ማዘዝ ይከብደኛል። ራነሩ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ «ደም ያምጡልኝ» ለማለት እንኳ አፍራለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ራሴ እሮጣለሁ። ሐሙስ ሌሊት ደም ሰቅዬ አንዱ ጋ ቆሜ ሳለሁ የሌላዋ ጉሉኮስ አለቀ፣ የ6 ሰዓቱ መድኃኒት ዘገየ፣ ቻርት ሳልጽፍ ነጋ። ለማን ምን ልስጥ?

መልስ፦ 14 ዓመት ዋርድ የቆየች
እህቴ፣ ከርክክቡ ጀምሪ። የቀኗ ተረኛ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ «ሁሉም ደህና ነው» ካለችሽ አትልቀቂያት። አልጋ በአልጋ አብራችሁ ዙሩ። ሌሊት ሊብስባቸው የሚችሉትን አንቺ ያዢ፤ የተረጋጉትን ለጀማሪዋ ስጫት። በአልጋ ቁጥር እኩል አትካፈሉ፤ ኦክስጅን ላይ ያሉት በሙሉ አንድ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ።

ደም የመስቀል ሥራ ለተማሪ አይሰጥም። ስሙንና የደሙን ዓይነት ከጀማሪዋ ጋር አመሳክሩ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ አጠገቡ ቁሚ። በዚያ ሰዓት ዋርዱን ማን እንደሚያይልሽ ግን ከመስቀልሽ በፊት ተናገሪ። ሐሙስ የጎደለሽ እሱ ነው። ደግሞ የማያስቸኩል ደም ለምን ሌሊት ይሰቀላል? ለቀን ይቆይ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ
እዚህ አሜሪካ መጀመሪያ የነርስ ረዳት ነበርኩ፣ አሁን ነርስ ነኝ። ሥራ ስንሰጥ አምስት ነገር እንድንጠይቅ ያስተምሩናል፦ ሥራው የሚሰጥ ነው? በሽተኛው የተረጋጋ ነው? ሰውየው ይችላል? በግልጽ ነገርሽው? ተመልሰሽ አየሽ? ብዙ ሰው የሚወድቀው አራተኛው ላይ ነው። ረዳት ሳለሁ «6 ቁጥርን እያት እሺ» ይሉኝ ነበር። ምኗን ነው የማየው? «የደም ግፊቷን በየ4 ሰዓቱ ለኪ፤ የላይኛው ቁጥር ከ90 ከወረደ ከመጻፍሽ በፊት ጥሪኝ» ያለችኝ ቀን ሥራዬን አወቅኩ። መለኪያውን ለሰው ትሰጫለሽ፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ያንቺ ነው። የሆነ ነገር ቢፈጠርም የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

መልስ፦ አስታማሚ ነበርኩ
ነርስ አይደለሁም። አባቴን 19 ቀን አስታምሜያለሁ። በአፍንጫው ቱቦ ነበር የሚመገበው። አንዷ ሲስተር «አጥሚቱን በዚህ ስጪው» ብላኝ ሄደች። ጋደም እንዳለ ሰጠሁት፣ ትን አለው። ነፍሴ ልትወጣ! በማግስቱ ሌላዋ መጥታ ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ራሷ አረጋገጠች፣ ራስጌውን ከፍ አደረገች፣ ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ ይቆይ አለችኝ። ከዚያ እኔ ስሰጠው ቆማ አየች። እባካችሁ አሳዩን እንጂ ጥላችሁብን አትሂዱ።

መልስ፦ 14 ዓመት ዋርድ የቆየች
እውነቷን ነው። ገላ ማጠብ፣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ካሳየሻቸው አስታማሚዎች ይሠሩታል። መድኃኒት ግን ኮመዲኖ ላይ ትተሽ «ሲነቃ ስጡት» እንዳትዪ። ተማሪዎቹ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት) ይውሰዱ፣ አንቺ ወረቀቱን እዪ። የሁሉም ትንፋሽ በደቂቃ 20 ተብሎ ከተጻፈ ማንም አልቆጠረም።

መልስ፦ ወንዱ ሲስተር
ሃሃ፣ እሷን 20 እኔም ጽፌያታለሁ። ራነሩን ሽፍቱ ሲጀመር አናግሪያቸው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ሁለት ከረጢት ደም አለን፤ 3 ሰዓት ላይ ያመጡልኛል?» ሥራው ተደራርቦ በሩጫ ሲነገራቸው ነው ቁጣ የሚመስለው።

ጠያቂ፦ አዲሷ ተረኛ
ትናንት ማታ ሞከርኩት። ጋሼ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። የተማሪዎቹን ወረቀት ሳይ የለኳቸው የአሥራ አንዱም በሽተኞች ትንፋሽ 20 ነው። መልሼ አስቆጠርኳቸው። 9 ቁጥር 34 ሆኖ ተገኘ፤ ሄጄ አየሁትና ተረኛ ሐኪም ጠራሁ።