የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጆርናሎች፦ ስለ ምጣድ የጻፈ የለም?

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማጠናው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው፤ የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው የዕለት ሥራውን እንደገና መሥራት እንዲችል የሚያግዝ ሙያ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስትሮክ ያገኛቸው እናቶች እንዴት ወደ ጓዳ ሥራቸው እንደሚመለሱ ነው። ጽሑፍ ስፈልግ ግማሹ ክፈይ ይለኛል። የተከፈተልኝም ስለ ሳንድዊችና ስለ ማይክሮዌቭ ነው የሚያወራው። ስለ ምጣድ አንድም አላገኘሁም። በነጻ የሚነበብ የት አለ? ጆርናሎቹንስ ማን ነው የጀመራቸው?

ከሜሪላንድ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ በዚሁ ሙያ ነው የምሠራው። የመጀመሪያው ጆርናላችንም ከዚሁ ነው የተነሳው። ዊልያም ራሽ ደንተን የሚባል የአእምሮ ሐኪም በሼፐርድ ፕራት ሆስፒታል ሲሠራ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. «አርካይቭስ ኦፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒ»ን ማዘጋጀት ጀመረ። ያኔ ባለሙያዎቹ ዋርድ ውስጥ የሚሠሩትን ነበር የሚጽፉት፤ ሽመናውን፣ የቅርጫት ሥራውን። በ1925 ስሙ ተቀየረ። ጆርናሉ ግን የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበር ንብረት አልነበረም። ማኅበሩ በ1947 የራሱን «አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒ» አቋቋመ። የቀድሞው ወደ ፊዚካል ሜዲሲን፣ ማለትም ወደ አካል ማገገሚያ ሕክምና ዞረ። ካናዳውያን እንኳ ከ1933 ጀምሮ የራሳቸው ነበራቸው።

የራስ ጆርናል ለምን እንደሚያስፈልግ ባርተል ኢንዴክስን እይ፤ በሽተኛው የዕለት ተግባሩን ምን ያህል በራሱ እንደሚሠራ ነጥብ የሚሰጥበት መለኪያ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው እዚሁ ሜሪላንድ በሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው። ዛሬ በየአገሩ ይሠራበታል። «መመገብ» የሚለው ላይ ምግብ ስለመቁረጥና ቅቤ ስለመቀባት ይጠይቃል። በአንድ እጃቸው ጠቅልለው ለሚጎርሱ እናት ስንት ትሰጫለሽ?

ስለዚህ ምጣዱን አንቺ ጻፊው። ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞሩ ማፍሰስ የትከሻና የእጅ አንጓ ሥራ ነው። አክንባሎው ከባድ ነው፤ ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ስሜት ያጣውን እጅ ሳይታወቃቸው ያቃጥላል። እንጀራውን ለማውጣት ደግሞ አንዱ እጅ ጠርዙን ያነሳል፣ ሌላው ሰፌዱን ከሥር ያስገባል። የደከመው እጅ የቱን ይችላል? የቱን በአንድ እጅ መሥራት ይቻላል? ይህን የሚያውቅ ሰው ካልጻፈው ሌላ ማንም አይጽፈውም።

የላይብረሪ ሰው፦
በነጻ ከፈለግሽ የደቡብ አፍሪካው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጆርናል ክፍት ነው። ለእኛ ኑሮም ይቀርባል፤ ከእሱ ጀምሪ። «ኦፕን ጆርናል ኦፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒ»ም አለ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ። የሚያስከፍሉትን ለማግኘት የግቢሽን ላይብረሪ የሂናሪ መግቢያ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደኛ ላሉ አገሮች የጤና ጆርናሎችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያነቡ ያዘጋጀው ነው። በኢሜይል «በሦስት ቀን እናትምልሻለን፣ ብር ላኪ» ለሚሉሽ ግን መልስ አትስጪ።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የአንዲት እናት ታሪክ ብቻውን ይበቃል?

ከሜሪላንድ፦
ለኬዝ ሪፖርት፣ ማለትም ስለ አንድ ታካሚ ብቻ ለሚጻፍ ጽሑፍ ይበቃል። መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አውጪ፣ ከዚያ የእሳቸውን ፈቃድ በጽሑፍ። ረቂቁን እዚሁ ለጥፊው፣ አነብልሻለሁ።