ስትቀመጥ አረንጓዴ፣ ስትበር ቀይ የምትሆን ወፍ፦ ላባዋ ሳሙና ላይ ቀለሙን ለቀቀ

የወንዶ ገነቷ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ግቢያችን ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ፍሬው ሲበስል በየጠዋቱ አንዲት ወፍ ትመጣለች፤ ጎረቤቶቼ በቀቀን ይሏታል። ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፣ ዐይኗ ዙሪያውን ቀይ ነው፣ ከጉንጯ ወደ አንገቷ የሚወርድ ነጭ መስመር አላት። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ከሾላው ሥር አንድ ቀይ ላባ አገኘች። ጭቃ ስለነካው ሳህን ላይ በልብስ ሳሙና ውሃ ዘፈዘፍኩት። ቡና አፍልቼ ስመለስ ውሃው ሮዝ ሆኗል። "እማዬ፣ ወፏን ማን ነው ቀለም የቀባት?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ክረምት ላይ ዝናብ ሲወርድባት ቀለሟ አይለቅም? ደግሞ ባለቤቴ ሾላውን ሊያስቆርጠው ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል፣ የወፍ ኩሱም ጣራውን ሞልቶታል። "ወፍ እንደሆነች ሌላ ዛፍ አታጣም" ይላል። እውነቱን ነው?

ኬሚስትሪ አስተማሪ፦

እህቴ፣ ማንም አልቀባትም፤ ቀለሙ የራሷ ነው። ቱራሲን ይባላል። እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች በ1869 እ.ኤ.አ. ከላባው ለይቶ አውጥቶት መዳብ እንዳለበት አሳይቷል። ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ንጥረ ነገር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የደሙ ብረት መያዙ፣ የላባው ደግሞ መዳብ መያዙ ነው። ተራ የዝናብ ውሃ እምብዛም አያስለቅቀውም። አልካላይን የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የሳሙና ውሃ፣ ሲያገኘው ግን ይሟሟል። ያን ሮዝ ውሃ ሳይደፉት ለልጅዎ ቢያሳይዋት ጥሩ ትምህርት ነው። አረንጓዴውም የራሱ ጉድ አለው። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ብርሃን ላባው ላይ ሲበተን ከቢጫ ቀለም ጋር ተደምሮ የሚፈጠር ነው፤ የዚችኛዋ ግን እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም ነው፣ እሱም መዳብ አለበት።

የነጌሌው አስጎብኚ፦

ስለ ቀለሙ መምህሩ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ወፏና ስለ ሾላው ልናገር፤ በተለይ ስለ ሾላው ዝም ማለት አልችልም።

በቀቀን አይደለችም። ቱራኮ የሚባሉ ወፎች ወገን ናት፤ በኛ ዘንድ ሶሪት የሚሏትም አሉ። ቱራኮዎች ከአፍሪካ ውጭ አይገኙም። ያንቺዋ ጉንጨ ነጯ ናት፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋና ወይናደጋ ደኖች ትኖራለች፣ እንጦጦ ላይ እንኳ አይቻታለሁ። አበላሏን ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትሻገረው እንደ ጦጣ እየሮጠች ነው፤ የእግሯ የውጭው ጣት ወደፊትም ወደኋላም ስለሚዞር ቀጭኑን ጭራሮ ሳይቀር ጨብጣ ትይዛለች። በረራዋ ግን ደካማ ነው። ጥቂት ክንፏን ታርገበግብና ትንሳፈፋለች፣ ቀዩን የምታዪው ያኔ ነው። በክፍት ሜዳ ላይ ሩቅ መሄድ አትወድም። ስለዚህ "ሌላ ዛፍ አታጣም" የሚለው ነገር ሌላው ዛፍ ባለበት ቦታ ይወሰናል። በመካከሉ ባሕር ዛፍና የጫት ማሳ ብቻ ከሆነ የምትበላው የለም።

ሾላ ደግሞ እንደ ማንጎ በዓመት አንድ ወቅት ጠብቆ የሚያፈራ ዛፍ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ፍሬያቸው ባለቀ ጊዜ ወፎቹን የሚያቆያቸው እሱ ነው።

እኔ ይህን የማውቀው ከሌላዋ እህቷ ነው። ነጌሌ ቦረና አካባቢ እንግዶች የማስከትለው የሩስፖሊ ቱራኮን ለማሳየት ነበር። እሷ በዓለም ላይ ያለችው በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጉትናዋ ነጣ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ትለያለች። ስሟ የመጣው ከጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ነው። በ1893 እ.ኤ.አ. ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል አንዷ ጣሊያን ደረሰች፤ የት እንደተያዘች ግን የተጻፈ ወረቀት አልነበራትም። ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ በ1896 ስም ሰጣት፤ በዱር ውስጥ ዳግም እስክትገኝ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ ተጠበቀ።

አንድ ማለዳ ገናሌ ወንዝ ዳር የነበረ ትልቅ ዋርካ ሥር እንግዶቼን ይዤ ደረስኩ። በዚያ ዛፍ ላይ ለስድስት ዓመት አጥቻት አላውቅም ነበር። ጉቶው ብቻ ቆሟል፤ ከሰል አክስለውታል። ሁለት ሰዓት ቆምን፤ ካው ካው የሚለው ሻካራ ድምፅ ከየትም አልመጣም። እንግዶቹን ምን ብዬ እንዳጽናናኋቸው አላስታውስም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ መታጠፊያ መንገድ አልገባሁም።

ለባለቤትሽ ቆርቆሮው ላይ የተኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጥ በይው። መጀመሪያ ግን ጎጆ እንደሌለበት እዩ። ጎጆዋ እርግብ እንደምትሠራው ያለ ስስ የጭራሮ ንጣፍ ነው፣ ሁለት እንቁላል ይይዛል። ጫጩቶቹ መብረር ሳይችሉ ከጎጆ ወጥተው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚራመዱ የወደቁ ቢመስላችሁ አታንሷቸው፤ ወላጆቹ ቅርብ ናቸው።

የወንዶ ገነቷ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ መምህርም። ያነበብኩትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የገናሌው ዋርካ ጋ ስደርስ "ተይ በቃ፣ ገባኝ" አለኝ። ትናንት ማታ መሰላል አምጥቶ እሱና ልጄ ቅርንጫፉን አዩት፤ ጎጆ የለም። መሰላሉ ላይ እንዳለች ግን ልጄ ጠራችኝ። አጥራችን ጥግ ያለው አሮጌ ጽድ ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበት ላይ፣ ኩስ ከደረቀበት መሐል፣ አምስት ቅጠል ያለው ሾላ በቅሏል። ይቺ ወፍ ናት የዘራችው?

የነጌሌው አስጎብኚ፦

እሷ ወይም ከእሷ ጋር የሚበላ ሌላ ወፍ። ፍሬውን ሙሉውን ትውጠዋለች፣ ዘሩን ሌላ ዛፍ ላይ ትጥለዋለች፤ ሾላ ሌላ ዛፍ ላይ የሚበቅለው እንዲህ ነው። ልጅሽ ከወደደችው ሥሩን ሳትጎዱ ነቅላችሁ ከአጥሩ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት።