ከገጠር ወጣት ማህበራችን የወጡትን ልናመሰግን ነበር፣ ዝርዝሩ ላይ ተጣላን (ኮምቦልቻ አካባቢ)

የሐርቡ መንገድ፦
ሰላም ነው ቤቶች። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ቀበሌ የወጣት ማህበር ነበረን፣ አሁንም አለ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ችግኝ እናፈላለን፣ በግ እናደልባለን፣ ንብ እናረባለን፣ ማታ ማታ ደሞ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞችን እናስጠና ነበር። ዘንድሮ እስኪ ከማህበሩ ወጥተው ለቁም ነገር የበቁትንና ማህበሩን የደገፉትን ጠርተን ሰርተፊኬት ሰጥተን እናመስግን ተባባልን። እስከዚ ሸጋ ነው። ኮሚቴው ቁጭ ሲል ግን ማን ማን የተፃፈ ይመስላችኋል፣ ሁለት ዶክተር፣ አንድ የባንክ ማናጀር፣ ኢንጂነሮች፣ አዲስ አበባ ሱቅ የከፈተ አንድ ልጅ፣ በቃ። ኮሚቴው ውስጥ እዛው ቀበሌ የቀረ ልጅ አለ፣ በፓምፕ ሽንኩርት ያለማል፣ ለስንቱ የቀፎ አያያዝ ያስተማረ እሱ ነው፣ «እኔ እንግዲህ ወንበር ላመላልስ?» ብሎ ሳቀ። ሁላችንም አብረን ሳቅን፣ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የከነከነኝ። ሌላው ችግር መዝገብ የለንም፣ በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ቢሮው ውስጥ የነበረው ወረቀት በሙሉ ስለጠፋ ማን አባል እንደነበር በቃል ነው ምናወራው። እንዲህ አይነት ነገር ያዘጋጃችሁ ካላችሁ ማንን ጠራችሁ? ኮምቦልቻ አዳራሽ እንከራይ ወይስ እዛው ቀበሌ ይሁን?

ጦሳ ስር፦
ወንድሜ አዳራሹን እርሳው። አዳራሽ ካልክ ባነሩ ዲኮሩ ድምፅ ማጉያው ይከተላል፣ ያ ብር የችግኝ ጣቢያችሁን አጥር ይጨርስ ነበር። ያፈላችሁት ዛፍ ጥላ የለውም እንዴ? እዛው ስር አድርጉት። ስለ ምግቡ ደሞ እኔ ደሴ ዙሪያ አንድ ምርቃት አዘጋጅቼ ስለተቃጠልኩ ልንገርህ፣ ስጋ የሚባል እንዳታስቡ። የእስላም እርድ የክርስቲያን እርድ ስትሉ ሁለት በሬ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ኮሚቴ፣ ከዛ ያኛው ቤት ይሻላል የሚል ሀሜት። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቡና፣ ማሩ ከራሳችሁ ቀፎ፣ አለቀ፣ ማንም አብሮ ይበላዋል። ቀኑንም ተጠንቀቁ፣ በ2018 አይታችሁ ከሆነ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ ረመዳን 11 ተከተለ፣ እንደዛ ባለ ሰሞን ብትጠሩ እንግዳ ታስርባላችሁ። ከሩቅ ያለው ልጅ ሚመጣው ለአረፋ ነው፣ ግን ሰሞኑን አረፋ ግንቦት ላይ ስለሚውል ገበሬው እርሻ ላይ ነው። እኔ ጥር እላለሁ፣ አውድማው ካለቀ ከጥምቀት በኋላ።

ግልፁን ልናገር፦
እዛው የቀሩትም ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ ከሆነ ሀሳቡ እኔ አልስማማም። ለሁሉም ከሰጣችሁት ሰርተፊኬቱ እንደ ሰርግ ጥሪ ወረቀት ሊሆን ነው። ከዛ ቀበሌ ወጥታ ዶክተር የሆነች ልጅ እኮ በኩራዝ አጥንታ ነው፣ እሷን ከፊት ብታስቀምጧት ለታናናሾቿ ነው ሚጠቅመው። ሽንኩርት ማልማት ጥሩ ነው ግን ሁሉም ገበሬ ሚሰራው ስራ ነው።

ሚኒሶታ ያለሁ ወሎዬ፦
ሁሉም ገበሬ በፓምፕ ያለማል ካልክ ሐርቡ አታውቅም ማለት ነው ወንድም ዓለም 😄። እዚህ አሜሪካ ፎር ኤች ሚባል የገጠር ልጆች ድርጅት አለ፣ በነሱ አቆጣጠር በ1902 ኦሃዮ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ አራቱ ኤች በእንግሊዝኛ በኤች ሚጀምሩት ጭንቅላት፣ ልብ፣ እጅና ጤና ናቸው፣ አርማው እኛ ማገጥ ምንለው ቅጠል ነው ግን ባለ አራቱ። ልጆቼ እዛ ስለገቡ ብዙ አየሁ። ልጁ ጥጃ ወይ ዶሮ ሲያሳድግ ለመኖ ስንት እንዳወጣ ስንት እንደሸጠ በደብተር ይይዛል፣ ከዛ አውደ ርዕይ ላይ ይዞ ይቀርባል። ብዙ ቦታ ዳኝነቱ ልጅን ከልጅ አያወዳድርም፣ አስቀድሞ መስፈርት አለ፣ መስፈርቱን በደንብ ያሟላ ሁሉ ሰማያዊ ሪባን ያገኛል፣ አስር ልጅም ቢሆን አስሩም። ቀጥሎ ቀይ፣ ከዛ ነጭ። ስለዚህ ግልፁ ያልከው ስጋት መፍትሄ አለው፣ ለሁሉም አትስጡ፣ መጀመሪያ መስፈርቱን ፃፉት። «ማህበሩ ውስጥ የተማረውን ለሌላ ሰው ያስተላለፈ» በሉና እስኪ ባንክ ማናጀሩ ያልፍ እንደሆን እዩት። ደሞ አባል ሳይሆኑ የደከሙ ሰዎችን ለብቻ ያመሰግናሉ፣ ያስተማረውን፣ በመኪናው ያመላለሰውን፣ ይሄን እናንተም ብታደርጉት ደስ ይለኛል።

እህታችሁ ከጅዳ፦
አሰላሙ አለይኩም። አንብቤ ልለፍ ነበር አልቻልኩም። የዛ ማህበር አባል ነበርኩ፣ ችግኝ ውሃ ምናጠጣው ሴቶቹ ነበርን። ስምንተኛን ሳልፈተን ነው የወጣሁት፣ በጅቡቲ በኦቦክ ወደብ በኩል፣ ስለ መንገዱ እዚህ አላወራም። የሚባለው ፓምፕ መጀመሪያ ሲገዛ አምስት ሆነን ከሳዑዲ ያዋጣን እኛ ነን፣ ያ ልጅም ያውቃል ወላሂ አይክድም። ሰርተፊኬት ምን ያደርግልኛል፣ እኔ መምጣትም አልችልም። ግን እናቴ እዛው ናት፣ ስትጠሩ እሷንም ጥሯትና ከፊት አስቀምጧት፣ ልጅሽ ነች ያመጣችው በሏት ሰው እየሰማ።

ጦሳ ስር፦
አብሽሪ እህቴ። በዚህ ቤት ስንት አመት ስፅፍ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም።
ሐርቡ፣ መዝገብ ጠፋ ላልከው ቅሬ (እድሩ ጋ) ሂዱ። የቅሬ መዝገብ ሰው ቤት ስለሚቀመጥ ብዙ ቦታ ተርፏል፣ የአባወራው ስም ካለ የልጆቹን ሽማግሌዎቹ ይቆጥሩላችኋል፣ ያገባችውን የሞተውን የተሰደደውን ሳይቀር።

ግልፁን ልናገር፦
እሺ ተሸነፍኩ። ዶክተሯን ግን እንዳትተዉ፣ እሷም ታስጠና ነበር ካላችሁ መስፈርቱን ታልፋለች።

የሐርቡ መንገድ፦
ዘገየሁ ይቅርታ። ቅሬ ሄድን፣ መዝገቡ አለ፣ ሶስት ማታ ፈጀብን ግን ስሙ ተሰብስቧል። እህታችን፣ እናትሽ ጋ ትናንት ሄደን ቡና አጠጥተውናል፣ «ልጄን አያችኋት?» ነው ያሉን መጀመሪያ፣ ስልክሽ ላይ ሳይፅፉ አልቀሩም። ከፊት ናቸው፣ የሌሎቹ አራት እናቶችም። ቦታው ችግኝ ጣቢያው ነው፣ ጥር መጨረሻ፣ ሰርተፊኬት ቀርቶ ለእያንዳንዱ አንድ ችግኝ በስሙ። ዶክተሯ ደወልንላት፣ ታስጠና እንደነበር እሷ ራሷ ረስታዋለች፣ እኔ አስታወስኳት ምክንያቱም ሂሳብ ያስጠናችው እኔን ነው።
የቸገረን አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ዘር ያመጡልን፣ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር አሞላል ያሳዩን የልማት ሰራተኛ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ናቸው ይባላል። ሁላችንም በዛፉ ስም «ጋሼ ግራቪሊያ» ነው ምንላቸው፣ ትክክለኛ ስማቸውን ከኮሚቴው አንድ ሰው አያውቅም። ጥሪ ወረቀቱ ላይ ጋሼ ግራቪሊያ ብለን እንዳንፅፍ ደሴ ያላችሁ እባካችሁ ጠይቁልን። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ዝናብ ባይኖርም ጥላ የሚይዙ ሰው ናቸው።