ከጠፈር ጀርም ሊመጣ ይችላል? ልጄ መስኮት አላስከፍት ብላለች

የሁለት ልጆች እናት፦
ወገኖች፣ ላስቸግራችሁ። የ9 ዓመት ልጄ ቲክቶክ ላይ "ከጠፈር የመጣ ቫይረስ ሰውን ይጨርሳል" የሚል ቪዲዮ አይታ ይኸው ሳምንቷ፣ ማታ ማታ መስኮት አታስከፍትም። ተወርዋሪ ኮከብ ይዞት ይመጣል ብላ። ስቄ ላልፍ ነበር፤ ምን እንደምመልስላት ግን ጠፋኝ። እውነት ሊሆን ይችላል?

ቀዝቃዛው፦
እኔስ ከጠፈሩ ይልቅ የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ነው የሚያስፈራኝ 😂

ላብ ሰው፦
እህቴ፣ ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ነው። ሰማይ ላይ ተቃጥሎ ያልቃል። መስኮቱን ክፈቺ።

እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ጀማሪ ሳለሁ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም ካለ እንዲበቅል የሚደረግበት ምርመራ) ላይ ባክቴሪያ በቀለልኝና እየሮጥኩ ለአለቃዬ አሳየሁት። አየት አደረገና "ይሄ ከቆዳ የመጣ ነው። ደም ስትቀዳ በአልኮል በደንብ አልጠረግክም" አለኝ። አፈርኩ።

ሪዩጉ ስለሚባለው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ አለት) ስሰማ ያ ቀን ነው ትዝ ያለኝ። የጃፓኗ መንኮራኩር ሃያቡሳ 2 እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚህ አስትሮይድ 5 ግራም ገደማ አፈርና ጠጠር አመጣች። አንዷ ቅንጣት እንግሊዝ ስትመረመር ላይዋ ላይ ባክቴሪያ ታየ። ጉድ ነው አይደል? ግን ቀደም ብላ በኤክስሬይ ስትታይ ምንም አልነበረባትም። አየር ከነካት በኋላ ነው የበቀለባት። የኛው ነበር! እና "ከጠፈር የመጣ" ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ነካው ብዬ ነው።

በሽታ ማምጣትም እንዲህ ቀላል አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጉሮሯችን ውስጥ የሚጣበቅበትን ቦታ ያውቀዋል። ሰው አይቶ የማያውቅ ነገር ይሄን ከየት ያመጣዋል?

ጥያቄ አለኝ፦
በቫይረሱ እስማማለሁ። ቲታነስስ? አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ለመኖር ሰው አያስፈልገውም። ቁስል ካገኘ ግን መርዙ መንጋጋ ይቆልፋል። "ሰውን አያውቅምና አይጎዳም" አያስኬድም።

ላብ ሰው፦
እዚህ ላይ ረታኸኝ። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነትም ከውጭ የሚገባ ነገር ምድርን እንዳይጎዳ ተጠንቀቁ የሚለው በከንቱ አይደለም። ጨረቃ ደርሰው የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች 21 ቀን ተለይተው ተቀምጠዋል። የጨረቃ አፈር ለአይጥ፣ ለበረሮ ሳይቀር ተሰጥቶ ታየ። በሽታ የሚያመጣ ነገር አልተገኘበትም፣ ከአፖሎ 14 በኋላ ኳራንቲኑ ቀረ። የሚያስቀው ግን ባሕር ላይ እንዳረፉ የመንኮራኩሯ በር ተከፍቷል። ጀርም ቢኖር ኖሮ ያኔውኑ አምልጦ ነበር። የማርስ አፈር ሲመጣ ግን እንደ ኢቦላ ናሙና ተቆልፎበት እንዲመረመር ነው የታሰበው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ተባረክ፣ አነበብኩላት። መስኮቱን ረስታዋለች። አሁን ደግሞ "በረሮዎቹ አፈሩን በልተው ምን ሆኑ?" እያለች ነው።

ላብ ሰው፦
አፈሩ ምንም አላደረጋቸውም በያት። ኋላ ተቆራርጠው በማይክሮስኮፕ ታይተዋል፤ እሱን እንዳትነግሪያት።