አንትወርፕ የአልማዝ ሰፈር ገብቶ መግዛት ይቻላል?

ቀለበት ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ቤልጅየም እሄዳለሁ። አንትወርፕ ላይ አንድ ነጻ ቀን አለኝ። የቀለበት ጉዳይ አለብኝ (እሷ ገና አታውቅም፣ አደራ!)። «እዚያ ቡርሱ (የአልማዝ ነጋዴዎች መገበያያ) ውስጥ ግባ፣ አልማዝ ከምንጩ በርካሽ ትገዛለህ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? አሠራሩን የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

የወረቀት ሥራ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ እዚያው ሰፈር አንድ ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ዕቃ እቀበላለሁ፣ እመዝናለሁ፣ የጉምሩክ ወረቀት አዘጋጃለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለይ። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወጥተህ ፔሊካንስትራት ላይ የምታያቸው ብልጭልጭ መስኮቶች ጌጣጌጥ ቤቶች ናቸው። ለማንም ይሸጣሉ። ዋናው ንግድ ከጀርባቸው፣ ሆቨኒርስትራትና አጠገቡ ባሉት አጫጭር መንገዶች ላይ ነው። ፈቃድ የሌለው መኪና አይገባም። ካሜራና ፖሊስ አለ። በእግርህ ማለፍ ትችላለህ፣ ግን ምንም አታይም። ግራጫ ሕንፃ፣ ስልክ የሚያወራ ሰው፣ በቃ።

ቡርሶቹ 4 ናቸው። የመጀመሪያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በ1929 የተከፈተው ደግሞ ያልተቆረጠ አልማዝ የሚሸጥበት ነው። አባል ካልሆንክ ወይም አባል ይዞህ ካልገባ በሩ ላይ ትቀራለህ።

ርካሽ ስላልከው፣ የተቆረጠ አልማዝ ዋጋ የሚጀምረው በየሳምንቱ ከሚወጣው፣ ራፓፖርት ከሚባለው የዋጋ ዝርዝር ነው። ድርድሩ «ከዝርዝሩ ስንት በመቶ በታች?» ነው። ዝርዝሩን ሻጩም ያየዋል፣ ኒው ዮርክ ያለውም ያየዋል። ምንጭ የሚባል ነገር የለም።

ሌላ አንባቢ

እስቲ ሽያጩን ንገሪን። በእጅ መጨባበጥ ብቻ ነው የሚባለው እውነት ነው?

የወረቀት ሥራ

ከመጨባበጡ በፊት ያለው ነው የሚገርመው። ደላላው አልማዙን በታጠፈ ወረቀት ያመጣል። ላዩ ላይ ክብደቱ በካራት ተጽፏል። ገዢው በተፈጥሮ ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ይከፍተዋል። በወረንጦ ያነሳል፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ ማጉያ ያያል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያነሳል። ከዚያ በዶላር ዋጋ ይጠራል። ባለቤቱ እዚያ የለም እንበል። ደላላው አልማዙን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ያሽገዋል። የቀረበው ዋጋ ላዩ ላይ ይጻፋል። ካሼ እንለዋለን። ባለቤቱ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ያንን ፖስታ ከፍቶ ለሌላ ገዢ ማሳየት አይቻልም። የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢሆንም!

ባለቤቱ ከተስማማ እጅ ይሰጣጣሉ፣ «ማዛል ኡብራኻ» ይባላል (በዕብራይስጥ ዕድልና በረከት ማለት ነው)፣ አለቀ። ሻጩም ገዢውም ከጉጅራት የመጡ ሕንዶች ቢሆኑም የሚባለው ይኸው ነው። ቃሉን የበላ ሰው ጉዳዩ ቡርሱ ውስጥ ባሉ ዳኞች ይታያል። ከተባረረ ወሬው ሌሎች ከተሞች ያሉ ቡርሶች ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ማን ዕቃ ያሳየዋል?

ቃሉ እንዳለ ሆኖ፣ ቀኔን የሚበላው ግን ወረቀት ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣና የሚሄድ ሁሉ ዳይመንድ ኦፊስ በሚባለው ያልፋል። እዚያ ሣጥኑ ይከፈታል፣ ባለሙያዎች ክብደቱንና ዋጋውን ከኢንቮይሱ ጋር ያመሳክራሉ፣ መልሰው ያሽጉታል። ላልተቆረጠው ከ2003 ጀምሮ የኪምበርሊ ሰርተፍኬት (አልማዙ የአማፂዎች ጦርነት መደገፊያ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት) ያስፈልጋል። በ2024 ደግሞ የሩሲያ አልማዝ እገዳ መጣ። መጀመሪያ ከሩሲያ በቀጥታ የሚመጣው፣ ከማርች ወር ጀምሮ ሌላ አገር የተቆረጠውም ጭምር። ያን ሰሞን «ይህ ዕቃ ከሩሲያ አለመምጣቱን አስረጂ» እየተባልኩ አበሳዬን አይቻለሁ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ግን አንዲት ኮማ ብትጎድል ዕቃው ቁጭ ይላል።

ሌላ አንባቢ

አሁን ሁሉም ዱባይ ገብቷል አይደል? አንትወርፕ ስሙ ብቻ ነው የቀረው ይላሉ።

የወረቀት ሥራ

ግማሹ እውነት ነው። ያልተቆረጠው ንግድ ብዙው ወደ ዱባይ ሄዷል። መቁረጡማ ድሮ ነው የሄደው፤ ከዓለም አልማዝ አብዛኛው የሚቆረጠው ሱራት፣ ሕንድ ውስጥ ነው። በ2023 መጨረሻ እነሱም ግዙፍ ቡርስ ከፈቱ። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው አልማዝ ሲረክስ ደግሞ የተፈጥሮውን ዋጋ ይዞት ወረደ። ግን ትልልቅና አስቸጋሪ ድንጋይ የሚቆርጡ እጆች አሁንም እዚህ አሉ። ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ሥራ አይኖረኝም ነበር።

ቀለበት ፈላጊ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ባዶ እጄን ልመለስ?

የወረቀት ሥራ

ኧረ አትመለስ! ሱቅ ግባ። የመጀመሪያው ላይ አትግዛ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጎትትህንም እለፈው። ጂ አይ ኤ ወይም ኤች አር ዲ ከሚባሉት የአልማዝ መርማሪ ላብራቶሪዎች ሰርተፍኬት ያለው ድንጋይ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሰርተፍኬቱ ቁጥር የድንጋዩ ወገብ (ዙሪያውን ያለው ጠርዝ) ላይ በሌዘር ይጻፋል። «በማጉያ አሳየኝ» በል፣ ከሰርተፍኬቱና ከድረ ገጹ ጋር አመሳክር። ተፈጥሯዊ ይሁን የላብራቶሪ ደረሰኙ ላይ በግልጽ ይጻፍልህ። ቅዳሜ በአይሁድ ሰንበት ምክንያት የሚዘጉ ቤቶች ስላሉ በሥራ ቀን ብትሄድ ይሻላል። ነዋሪነትህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ ደግሞ የታክስ ተመላሽ ፎርም ሳትቀበል እንዳትወጣ። እዚያ ቫት 21 በመቶ ነው፤ ፎርሙን ስትወጣ ኤርፖርት ጉምሩክ ታረጋግጣለህ። ቀለበቱን በእጅ ሻንጣህ ያዘው፣ አሳየን ሊሉህ ይችላሉ።