የዶሮ ደረት ከነአጥንቱ ኦቨን ውስጥ ለምን ይደርቅብኛል?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እሁድ ለቤተሰቡ እራት የዶሮ ደረት ከነአጥንቱ ኦቨን ውስጥ ጠበስኩ። 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየ። ላዩ አምሮ ነበር። ስንቆርሰው ግን ክር ክር አለ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ውሃ ብቻ ደጋግማ ጠጣች። በጣም አዘንኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዓቱ በዝቶ ነው። ለመካከለኛ ቁራጭ 40 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል። ቴርሞሜትር ካለሽ አጥንቱን ሳታስነኪ ወፍራሙ ቦታ ላይ ክተቺ። 74 ዲግሪ ሲደርስ አውጪውና 10 ደቂቃ ይረፍ። ቆዳውን ደግሞ እንዳትገፍፊው! እኔ በጨው አሽቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ።

ሌላ መልስ፦ ዶሮው የሀበሻ ነው እንዴ? እሱ ጠንካራ ነው፤ ለወጥ ተይው።

ጠያቂዋ፦ የፈረንጅ ነው። ቅቤና የጥብስ ቅጠል ከቆዳው ስር እወሽቃለሁ። እናቴን ለቅዳሜ ጠርቻታለሁ። ተባረኩ።