ኪርታን ላይ ተቀባዩ ለምን ቶሎ ይደክማል?

ሰብለ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኪርታን (የአምላክን ስም በቅብብል ማዜም) ለምትመሩ ጥያቄ አለኝ። ከዮጋው በኋላ 12 ሰው ሆነን ሃሬ ክሪሽና የሚባለውን ማንትራ (ተደጋግሞ የሚባል የሂንዱ ጸሎት) በአቀንቃኝና ተቀባይ እንላለን፤ አብዛኛው ጀማሪ ነው። መጀመሪያ ሞቅ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ምቱ ይሮጣል፣ ተቀባዩ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ይቀራል። ልብ ይከፍታል የተባለው ልምምድ ጩኸት ሆኖ እንዳይቀር ምን ላስተካክል?

ነሐስ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የድምፁን ከፍታ እዪ። አቀንቃኙ ለራሱ ጉሮሮ የሚመቸውን ከመረጠ ሌላው ይጨነቃል። መነሻውን ድምፅ፣ ማለትም በህንድ ዜማ "ሳ" የሚባለውን፣ ሲ (C) ወይም ዲ (D) ላይ አድርጊና ዜማው ከመነሻው ወደ ላይ ከ5 ወይም 6 ድምፅ እንዳያልፍ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አንድ ዜማ ብቻ ያዢ። ጌጥ ስትጨምሪበት ጀማሪው የቱን እንደሚመልስ ግራ ይገባውና ዝም ይላል።

ማንትራው 16 ስሞች አሉት፦ ሃሬ 8፣ ክሪሽና 4፣ ራማ 4 ጊዜ። እኩል ቦታ ላይ ክፈይው፤ 8ቱን ስሞች አንቺ በይ፣ እነሱ ይመልሱ፤ ከዚያ የቀሩትን 8። ሲመልሱ አንቺ ዝም በይ፣ በተለይ ማይክ ከያዝሽ። የመጨረሻው ድምፅ ሳያልቅ ከገባሽባቸው መልሱ የእነሱ መሆኑ ይቀራል። ዜማውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ካሉ ለያይተሽ በክቡ ውስጥ አስቀምጫቸው።

የሚሮጠው ምት አብዛኛውን ጊዜ ከካርታሉ፣ ማለትም ከትንንሾቹ የእጅ ጽናጽሎች ይመጣል። ለ12 ሰው አንድ ጥንድ ይበቃል። ሁለቱን ምት አፍነሽ፣ ሦስተኛውን ከፍተሽ አስጩሂው፤ አራተኛው ላይ ድምፁ ይዘልቃል። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጁም ሳያውቀው ይፈጥናል። ስለዚህ ፍጥነት የሚጨመረው አንቺ ስትጀምሪ ብቻ እንጂ በመልሱ መሃል እንዳይሆን ከበሮ መቺውን አስጠንቅቂ። ከጎንሽ ይቀመጥ፣ ዓይንሽን ማየት አለበት።

ጤዛ፦
ነሐስ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ጥፋት ቀርፋፋውን ክፍል ማሳጠር ይመስለኛል። በ25 ደቂቃ ውስጥ 12ቱን በደቂቃ 70 ምት ያህል ያዢ፣ 7ቱን መካከለኛ፣ 3ቱን ፈጣን፣ ከዚያ ቆርጠሽ በ3 ደቂቃ ወደ መነሻው ተመለሺ። በ70 ምት፣ 8 ምት የሚወስድ ስንኝ ወደ 7 ሰከንድ ይሆናል። ሰው 7 ሰከንድ እያዜመ ትንፋሹን ያወጣል፣ 7 ሰከንድ ደግሞ እየሰማ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የመቁጠሪያ ጸሎትና ማንትራ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ፈጣኑ ክፍል ይህን አይሰጥም። እንዲያውም በጩኸት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱን ይነዝረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ዝም ብሎ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይተንፍስ።

የታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጡ፣ ዳሌ ከጉልበት ከፍ እንዲል። ጀርባ ሲጎብጥ ደረት ይዘጋል፣ ስንኙም መሃል ላይ ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ ጭብጨባ አይኑር፤ 2 ደቂቃ ሙሉ ዝምታ ይሁን። በባክቲ (በሂንዱ የፍቅር አምልኮ) ትውፊት ከዘጠኙ የአምልኮ መንገዶች መስማት አንደኛ፣ ማዜም ሁለተኛ ነው። የሚሰማ ቡድን አይደክምም።

ማለዳ፦
አንድ ያልተነሳ ነገር ልጨምር። ኪርታን አምልኮ ነው። በህንድ፣ ቤንጋል፣ ናባድዊፕ ከተማ፣ የሂንዱ መምህሩ ቻይታንያ (1486–1534 እ.ኤ.አ.) ተከታዮቹን ይዞ በየአደባባዩ ሲያዜም የሚጠራው አምላኩን ነበር። ለኦርቶዶክሱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለጴንጤውም የስሞቹን ትርጉም አስቀድመሽ ንገሪ። "የትንፋሽ ልምምድ ነው" ብሎ ማለፍ ሰውን ማታለል ነው፤ ትውፊቱንም ያዋርዳል። ያልፈለገ ይስማ፣ ወይም ከመጀመሩ በፊት በነፃነት ይውጣ። ዝም ካሉት አንዳንዶቹ ምክንያታቸው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ሰብለ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትርጉሙን አልነገርኳቸውም፤ ከዚያ እጀምራለሁ። ሃርሞኒየም (በእጅ ወናፍ የሚነፋው ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ከሌለስ?

ነሐስ፦
በስልክ የታንፑራ (መነሻውን ድምፅ ሳያቋርጥ የሚያሰማ የህንድ ባለ አውታር መሣሪያ) መተግበሪያ አውርደሽ "ሳ"ን ሲ (C) ላይ፣ የመጀመሪያውን አውታር "ፓ" (ከሳ አምስተኛው ድምፅ) ላይ አድርጊ፤ ድምፅ ማጉያውን ከኋላሽ አስቀምጪው። ሃርሞኒየም ስታገኚም ወናፉን በግራ እጅሽ ቀስ ብለሽ ሳታቋርጪ ንፊ። አየሩ እስኪያልቅ ከጠበቅሽ ድምፁ ይዋልላል፣ ተቀባዩም አብሮ ከቅኝት ይወጣል።